የዲሲ ሶኬት ያለህ!

ዛሬስ ሳልተነፍስ አላድርም። ሶላር ፓኔሉ ሞልቷል። ባትሪውም በየዓይነቱ አለ። በ12 ቮልት የሚሠራ አምፖል፣ ፋን፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን ብትሉ የሚጠፋ የለም። ይህን ሁሉ ከባትሪው ጋር የሚያገናኝ አንድ የረባ ሶኬት ስትጠይቁ ግን ሁሉም ዝም።

ኤዲሰን ለኒው ዮርክ መብራት ማከፋፈል የጀመረው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። ያውም በዲሲ፣ እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄደው ኤሌክትሪክ! ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ዛሬም ለቤት የዲሲ መስመር የሚሆን አንድ የጋራ ሶኬት ላይ መስማማት አልተቻለም።

ክፍተቱ የሚሞላው በምን መሰላችሁ? በግድግዳ ሶኬት! 220 ቮልት የምንሰካበት እሱው ራሱ ለ12 ቮልት ይገጠማል። ለምን ስትሉ መልሱ ከአፍ ላይ ነው። «220 የቻለ 12 ያቅተዋል እንዴ?» ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ያቅተዋላ! ሶኬትን የሚያግለው ቮልቱ አይደለም፣ አምፔሩ ነው። 120 ዋት የሚበላ ዕቃ በ220 ቮልት 0.6 አምፔር እንኳ አይሞላም። በ12 ቮልት ግን 10 አምፔር ይስባል። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ደግሞ መገናኛው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። እሺ፣ አዲስና በደንብ የተሠራ ሶኬት 10 አምፔሩን ይሸከማል እንበል። ትንሽ የላላ እንደሆነስ? በ220 ቮልት ያቺ ልልነት ላትታወቅ ትችላለች። እዚህ ግን ፕላስቲኩን ታቀልጣለች።

ሁለተኛው ጣጣ ብልጭታው ነው። የግድግዳው 220 ኤሲ የሚባለው ነው፣ አቅጣጫውን እየቀያየረ ስለሚሄድ በ50 ኸርዝ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ይነካል። ሶኬት ስትነቅሉ የተነሳው ብልጭታ እዚያ ዜሮ ላይ ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ የሚባል ነገር የለውም። ብልጭታው አንዴ ከተያያዘ ክፍተቱ እስኪሰፋ ድረስ ይነዳል። በያጆች አርክ የሚሉትና ብረት የሚያቀልጡበት ነገር ይኸው ነው። 12 ቮልት ላይ ብዙም አይቆይም፣ አልዋሽም። 48 ቮልት ላይ ግን ቀልድ የለም። ፓኔሎች እርስ በርስ ተገናኝተው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሲሆኑማ ጭራሽ አታንሱት።

ካላመናችሁኝ ማብሪያ ማጥፊያው ወይም ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ማብሪያ ማጥፊያ) ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «10 አምፔር 250 ቮልት ኤሲ» ይልና ከጎኑ «10 አምፔር 30 ቮልት ዲሲ» ይላል። ዕቃው አንድ፣ አምፔሩም አንድ። ቮልቱ ግን ከ250 ወደ 30 ወረደ። የሠራው ፋብሪካ ራሱ «ዲሲ ላይ ከዚህ በላይ አልችልም» እያለ ነው። የዲሲ ቁጥር ጭራሽ ያልተጻፈበት ዕቃስ? እኔ ለኤሲ ብቻ ነው ብዬ እተወዋለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ገና አልመጣም። ቤት ውስጥ 220ም 12ም በአንድ ዓይነት ሶኬት ሲዘረጋ ሕፃኑ፣ እንግዳው፣ አያት በምን ይለዩት? አንድ ቀን የ12 ቮልቱ ፋን 220 ላይ ይሰካል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተ ጨርሱት። ባለ ሁለት እግሩን የግድግዳ ሶኬት ደግሞ ገልብጣችሁ ብትሰኩትም ይገባል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተቀያየሩ ማለት ነው፣ መከላከያ የሌለው ዕቃ ወዲያው ይቃጠላል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለአነስተኛ ቮልት መስመሮች ያወጣው ደንብ ግልጽ ነው። የዚያ መስመር ሶኬት ከሌላ ቮልት ሶኬት ጋር መግጠም የለበትም። በቃ። «ላዩ ላይ እጽፍበታለሁ» የሚባል ማምለጫ የለም።

«የመኪናውን ሲጋራ መለኮሻ ተጠቀም» የሚሉኝም አሉ። ስሙ እኮ ይናገራል! የተሠራው ሲጋራ ለመለኮስ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ስፕሪንግ ሶኬቱን ወደ ውጭ ስትገፋ ትውላለች፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ይላላል፣ ከዚያ ይግላል። ለስልክ ቻርጀር ይሁን። ለፍሪጅ ግን አይሆንም። ቀጠን ያለው ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ዓይነት ይሻላል፣ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል።

የክቧ መሰኪያማ ሌላ ጉድ ናት። ውጭዋ 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ውስጧ አንዴ 2.1 አንዴ 2.5። በዓይን አይለይም። ባለ 2.5ቷ 2.1 ላይ ትገባና ላላ ብላ አንዴ ታበራለች አንዴ ታጠፋለች። መሐሏ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ የሚወስነው ደግሞ አምራቹ እንዳሻው ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለቤት መስመር እኔ አንደርሰን የሚባሉትን የሽቦ ማገናኛዎች እመርጣለሁ። ወንዴ ሴቴ የላቸውም፣ ጠብቀው ይይዛሉ። ትልልቆቹ በቀለም ተለይተው ስለተሠሩ የ12 ቮልቱ ቢጫ ከ24ቱ ቀይ ጋር አይገጥምም። በግድ ብትገፉትም እምቢ ይላል፣ እኔም የምወደው ይሄን እምቢታ ነው። በኢንዱስትሪ ሶኬቶችም ወይን ጠጁ ለ20 እስከ 25 ቮልት፣ ነጩ ለ40 እስከ 50 ቮልት ነው። ኤክስቲ60 የሚባለው ማገናኛ ቅርጹ ስለማይገለበጥ ጥሩ ነው፣ ግን ስሙ ላይ 60 አለ ተብሎ ቀኑን ሙሉ 60 አምፔር አይጫንበትም። ኤምሲ4 የሚባለው ማገናኛ የሶላር ፓኔል ነው፣ እዚያው ይቅር። ጭነት ላይ እያለ ደግሞ በፍጹም አይነቀልም። ለስልክና ለላፕቶፕ ዩኤስቢ ሲ ግሩም ነው፤ በ5 ቮልት ጀምሮ ከፍ የሚያደርገው ዕቃው ከጠየቀ ብቻ ነው።

ወንዴ ሴቴ ያለውን ከመረጣችሁ ከባትሪው የሚመጣው ጫፍ ሴቴ ይሁን፣ ብረቱ የተሸፈነ። ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይግባ፣ ልኩም ከሽቦውና ከሶኬቱ ደካማ የሆነውን የሚጠብቅ ይሁን። ባትሪ ሾርት ሲያደርግ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይተፋል፣ ሽቦ ለመቅላት ደቂቃ አይፈጅበትም። ሽቦውን ካነሳን አይቀር፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ 5 ሜትር ላይ 10 አምፔር ብትጭኑ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ነውና 1.2 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚያ ፍሪጁ ሲጠፋ ሶኬቱ ይወቀሳል።

አሁን አንዱ መጥቶ «ኢንቨርተር ግዛና ተገላገል» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ወዳጄ፣ የባትሪውን ዲሲ ወደ 220 ኤሲ የሚቀይረው ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበትም ባትሪ ይበላል። ደግሞስ ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደው ምንድን ነው? ዲሲ! 1,000 ዋት በ12 ቮልት ከ83 አምፔር በላይ ነው። ያ መስመር ሶኬት አይበቃውም፣ በወፍራም ኬብል ተይዞ በብሎን ነው የሚጠብቀው።