ማሽኑ ጅማ የለም፣ ስራው ግን እዚሁ ይሰራል

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ለማስተርስ መመረቂያው በኳንተም ኮምፒውተር (በአተም ደረጃ ያሉትን የፊዚክስ ህጎች ተጠቅሞ በሚያሰላ ማሽን) ላይ ርዕስ አቅርቦ "እኛ ጋ እኮ ማሽኑ የለም፣ በምን ልትሰራው ነው?" ተብሎ ተመለሰበት። ማታ እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን ሲነግረኝ ውስጤ ነው የተቃጠለው፣ እሱማ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ርዕስ መፈለግ ጀምሯል።

ማሽኑ የለም መባሉ እውነት ነው። እነ አይቢኤምና ጉግል የሚሰሩት አይነት ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ገደማ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ይፈልጋል። ግን በዚህ ሙያ ተመራማሪ የሆነ ሰው ሁሉ ፍሪጅ ስር ይውላል ያለው ማነው? አሜሪካዊው የሂሳብ ሰው ፒተር ሾር በ1994 እ.ኤ.አ. ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ አካፋዮቻቸው የሚበትነውን ዘዴ ሲያወጣ ዘዴውን የሚያስኬድ ማሽን በዓለም ላይ አልነበረም፣ በሂሳብ ብቻ ነው የሰራው፣ የኢንተርኔት ምስጢር መቆለፊያ ደሞ እንዲህ መበተን ከባድ መሆኑን ተማምኖ የተሰራ ነው፣ ዛሬ ይቀየር እየተባለ ያለውም በዛ ስራ ምክንያት ነው።

ደሞ አሁን ማሽኑም በኢንተርኔት ይገኛል፣ አይቢኤም ባለ 5 ኪውቢቱን (ኪውቢት ማለት የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ መያዣ ናት) በ2016 እ.ኤ.አ. ለማንም ሰው ከፍቷል። እኔም በሞባይል ዳታ ሁለት ኪውቢት አቆራኝቶ ውጤታቸውን አንድ አይነት የሚያደርግ ኮድ ወደ ማሽኑ ልኬ አይቻለሁ። በሂሳቡ መልሱ ወይ 00 ወይ 11 ነው መሆን ያለበት፣ የመጣልኝ ላይ ግን 01 እና 10ም ጣል ጣል ብለዋል። ኮዴ የተበላሸ መስሎኝ ስንት ሰአት ስፈትሽ ቆየሁ፣ ለካ ማሽኑ ራሱ ነው የሚሳሳተው! ያ ስህተት ነው እንግዲህ ዛሬ የዘርፉ ተመራማሪ ሌት ተቀን የሚታገለው፣ ማረሚያውን መፈለግ ደሞ ብዙው ሂሳብና ኮድ ነው።

ማሽኑን ላፕቶፕ ላይ አስመስሎ ማስኬድም (ሲሙሌት ማድረግ) ይቻላል። አንድ ኪውቢት በተጨመረ ቁጥር የሚፈልገው ሜሞሪ እጥፍ ይሆናል፣ 20 ኪውቢት 16 ሜጋባይት ይበቃዋል፣ 30 ሲሆን 16 ጊጋባይት ይደርሳል፣ ስለዚ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ እስከ 28 ድረስ ይሄዳል፣ ለማስተርስ ከበቂ በላይ ነው።

እኛን የጎደለን ሌላ ነው። የዚህ ሙያ መሰረት የሆነው ሂሳብ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ለፈተና ተሸምድዶ ይረሳል፣ የፊዚክስና የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች አንድ ክፍል ተቀምጠው አያውቁም። እሱን እናስተካክል። አማካሪ መምህራንም በናታችሁ፣ ርዕስ ከመመለሳችሁ በፊት ልጁ የጀመረውን ላፕቶፑን ከፍቶ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

ጓደኛዬ እስከ ሰኞ ጊዜ አለው። ያንኑ ርዕስ፣ ላፕቶፑን ጭምር ይዞ እንዲመለስ ለምኜዋለሁ።