«አንድ በተን ብቻ ሥራልን»

እኔ የምለው፣ «አንድ በተን ብቻ ሥራልን» የሚለውን ነገር ማን ነው የጀመረው?

የምሠራው አንድ ኮሌጅ አይቲ ክፍል ነው። መስከረም ሲጠባ አዲስ መምህራንና ሠራተኞች ይገባሉ፤ ሁሉም ኢሜይል ይፈልጋል። ዝርዝሩ በኤክሴል የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። በወረቀት ታትሞ፣ ማህተም አርፎበት፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ነው የሚላከው። ያውም ጠመም ብሎ። እኔ ሲፓነል የሚባለውን የሰርቨር መቆጣጠሪያ ፔጅ ከፍቼ ስም፣ ፓስወርድ፣ «ክሬት»። ስም፣ ፓስወርድ፣ «ክሬት»። ዘንድሮ 186 ሰው።

ስሙ ራሱ ፈተና ነው። ፀሐይ በእንግሊዝኛ ፊደል በ«ቲ ኤስ» ነው የምትጻፈው በ«ቲ ዜድ»? አንዱን መርጬ ስከፍት ዲግሪዋ ላይ ያለው ሌላኛው ሆኖ ይገኛል። አበበ ከበደ ደግሞ ሦስት ናቸው። የአያት ስም ላኩልኝ ስል «ዝርዝሩ ላይ የለም» እባላለሁ። ዝርዝሩን ማን እንደጻፈው እንግዲህ እግዜር ይወቅ።

አለቃዬ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «ሰው ሀብቶች ራሳቸው ለምን አይከፍቱም? አንድ ፔጅ፣ አንድ በተን» አሉ። ሐሳቡን ወደድኩት፤ ደክሞኛል እኮ። ሥራው በኮንትራት ለአንድ ልጅ ተሰጠ። በሁለት ቀን ጨርሶ አስረከበ። ተጨበጨበለት።

ኮዱን ከፍቼ አየሁት። የሰርቨሩ የሩት፣ ማለትም የሁሉ አዛዥ የሆነው አካውንት፣ ፓስወርድ መሀል ላይ በግልጽ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ፔጁ ላይ የተሞላውን ስም ደግሞ ሳያጣራ እንዳለ ለትዕዛዝ መስመሩ ያቀብለዋል። የስም ቦታ ላይ ሴሚኮለን አድርጎ ትዕዛዝ የሚያስከትል ሰው ሰርቨሩን እንደ ቤቱ ያዝበታል ማለት ነው። «ማን እንዲህ ያደርጋል?» አሉኝ። እሺ፣ ክፉ ሰው የለም እንበል። ገ/ማርያምስ? ሰው ሀብቶች እንደለመዱት በእዝባር ጻፉት። ለሰርቨሩ ግን እዝባር ማለት ፎልደር ነው። ሰውዬው «ጂ» የሚባል ፎልደር ውስጥ «ማርያም» ሆነው ተገኙ። ሁለት ቀን ሙሉ «ኢሜይሌ አልከፍት አለኝ» እያሉ ቢሮዬ ተመላለሱ።

ፓስወርዱም በሊንኩ ላይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ሊንክ ላይ ያለ ነገር ሰርቨሩ ሎግ (የእንቅስቃሴ መዝገብ) ላይ ይጻፋል፣ ብሮውዘሩም ሂስትሪ ላይ ይቀራል። መደበቁስ ለምኑ ነው፤ የሁሉም ፓስወርድ የኮሌጁ ስምና 123 ነው!

ሁለት ሳምንት ስጡኝ አልኩ። ፔጁ ምንም ሥልጣን አይኖረውም፤ ጥያቄውን ዳታቤዝ ላይ መዝግቦ አበቃ። ከጀርባ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም በየደቂቃው ተነስቶ መዝገቡን ያያል። ከ«ኤ» እስከ «ዜድ»፣ ቁጥርና ነጥብ ካልሆነ አያሳልፍም። ከ64 ፊደል ከበለጠም አይቀበልም፤ ከ«አት» ምልክቱ በፊት የተፈቀደው እስከዚያ ነውና። ያለፈውን በኤፒአይ ቶከን፣ ማለትም ለፕሮግራሙ ለብቻው በተሰጠ ቁልፍ፣ ለሲፓነል ይነግራል። ሩት አያስፈልግም፤ ቶከኑ ቢሰረቅ እሱን ብቻ እሰርዛለሁ። ለያንዳንዱ ሰው የተለያየ ፓስወርድ ራሱ ያወጣል። ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደከፈተም ይመዘግባል። አስተናጋጅ እኮ ትዕዛዝ ተቀብሎ ይሄዳል እንጂ ኩሽና ገብቶ ሽንኩርት አይከትፍም።

መልሱ ምን ሆነ? «አንተ ደግሞ ነገር ማወሳሰብ ትወዳለህ። ያ ልጅ በሁለት ቀን አይደል የጨረሰው?»

አበገኑኝ! የአንዱ ሰው ኢሜይል ተጠልፎ ሌሊቱን ስፓም ሲረጭ ቢያድር፣ አድራሻችን የስፓም ላኪዎች ጥቁር መዝገብ ውስጥ ቢገባ፣ «የላክነው ለምን አይደርስም?» ተብሎ ከእንቅልፉ የሚቀሰቀሰው ያ ልጅ ነው እንዴ? እሱማ ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል።

ለጊዜው ፔጁን ዘግቼ ወደ ድሮው ተመልሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ሌላ ፎቶ መጣ፤ 23 ሰው። ተራ ቁጥር 5 ላይ ማህተሙ ስሙን ሸፍኖታል። ከሥሩ «ወይ ፀሐይ ናት ወይ ፀደይ» የሚል ጽፈውልኛል።