የነገው ዋጋ ከትናንቱ ዋጋ ወይስ ከዶላሩ? የደሴና የኮምቦልቻ ክርክር

ጥያቄው ይህ ነው፦ የአገሪቱን የዋጋ ግሽበት ለመተንበይ የቱ ሞዴል ይሻላል? የግሽበቱን ያለፈ ጉዞ ብቻ የሚያየው አሪማ ወይስ የገንዘብ አቅርቦትን፣ ምንዛሪንና የዓለም ዋጋን አብሮ የሚያየው ቫር? ደሴ ስታቲስቲክስ የሚያስተምር መምህር ለአሪማ ይሟገታል። ለቫር የምትሟገተው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በዕቃ ግዥ የምትሠራ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ናት።

መምህሩ (ደሴ)፦

ሰኞ ሰኞ ገበያ ስወጣ ደብተር ይዤ ነው። የጤፍ፣ የማሽላ፣ የበርበሬና የቅቤ ዋጋ እመዘግባለሁ። ደብተሩን ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል፤ ዋጋ ትዝታ አለው። ባለፈው ሰኞ የተወደደ በርበሬ በዚህ ሰኞ ድንገት አይረክስም። ጤፍ አዲሱ ምርት ሲገባ ይረግባል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ይወጣል። አሪማ የሚይዘው ይህንኑ ነው። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ቦክስና ጄንኪንስ በ1970 እ.ኤ.አ. መልክ ያስያዙት ይህ ዘዴ የሚጠይቀን አንድ ተከታታይ መረጃ ብቻ ነው።

ቫር ግን ሆዱ ሰፊ ነው። እስቲ አብረን እንቁጠር። ግሽበት፣ የገንዘብ አቅርቦት፣ ምንዛሪ፣ የዓለም እህል ዋጋና ነዳጅ፤ አምስት ናቸው። 12 ወር ወደኋላ እንመልከት ካልን አምስት በ12 ሲባዛ 60 ነው፤ አንድ መነሻ ቁጥር ሲጨመር እያንዳንዱ እኩልታ 61 ቁጥር እንዲገመትለት ይፈልጋል። የአሥር ዓመት ወርሃዊ መረጃ 120 ወር ነው። ከፊቱ የሚታይ ወር የሌላቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ሲወጡ 108 ይቀራል። በ108 ወር 61 ቁጥር! እንዲህ ያለ ሞዴል ያለፈውን ዓመት ፈተና ሸምድዶ አዲሱ ላይ እንደሚወድቅ ተማሪ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች በየዓመቱ አያለሁ።

ኢኮኖሚስቶቹ አትኪሰንና ኦሃኒያን በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን መረጃ ይዘው አንድ ነገር አሳይተዋል። «የመጪው ዓመት ግሽበት ያለፈው ዓመት ነው» የሚለውን ግምት እንኳ ሥራ አጥነትን አብረው የሚያዩት ሞዴሎች ማሸነፍ አቅቷቸዋል።

ገዢዋ (ኮምቦልቻ)፦

ጋሼ፣ ደብተርዎን አከብራለሁ። እኔ ግን የምውለው ሌላ ቦታ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው መኪና በሚሌና በባቲ አድርጎ እኛ ዘንድ ይደርሳል። መለዋወጫ ልገዛ ሱቅ ስገባ ባለሱቁ ዋጋ አይነግረኝም። «ቆይ ልደውል» ይላል። ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል። ሲመለስ የሚነግረኝ ዋጋ ካለፈው ሰኞ የመጣ አይደለም፤ አሁን በስልክ የመጣ ነው።

2000 ዓ.ም. ክረምትን ያስታውሱ። ዓመታዊው ግሽበት ከ60 በመቶ አለፈ። በዓለም ገበያ እህልና ነዳጅ ቀድመው ተወደው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ግሽበቱ ተገልብጦ ወረደ። የራሱን ኋላ ብቻ የሚያይ ሞዴል መታጠፊያውን ሊያየው የሚችለው ካለፈው በኋላ ነው።

ዱሬቫል፣ ሎኒንግና ብሩ በ2013 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ዋጋ አጥንተው ያገኙትም ይህንኑ ይደግፋል። በረጅሙ ጊዜ የአገር ውስጥ ዋጋ ከምንዛሪውና ከዓለም ዋጋ ጋር ይጓዛል። በአጭሩ ጊዜ ግን የምርቱ ሁኔታ የምግብን ዋጋ ከዚያ መንገድ ያስወጣዋል። ስለዚህ ዶላሩንም ዝናቡንም ማየት ግድ ነው።

ስለ 61ዱ ቁጥር እውነትዎን ነው። ግን መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። ኢኮኖሚስቱ ሲምስ ቫርን በ1980 እ.ኤ.አ. አስተዋወቀ። በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዶንና ከሊተርማን ጋር ሆኖ መረጃው በግልጽ ካላስገደደው በቀር «ነገ እንደ ዛሬ ነው» ብሎ የሚነሳ ቫር አቀረቡ። የእርስዎ እምነት እኮ እዚያ ውስጥ አለ።

ደግሞ ረመዳን አለ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል። የአሪማ ወቅት ግን 12 ወር ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ደሴ ላይ ቴምርና ወተት መቼ እንደሚወደድ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

መምህሩ፦

የረመዳኗን ተቀብያለሁ። የጾሙን ቀናት የሚቆጥር አንድ አምድ እጨምራለሁ፤ ፋሲካም እንዲሁ። ለዚያ ግን ቫር አያስፈልገኝም።

እህቴ፣ ባለሱቁን ጥሩ አድርገሽ አመጣሽው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ደውሎ የሚጠይቀው የትኛውን ዶላር ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ባንክ ቤት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የባንኩን ምንዛሪ የበላ ቫር ያኔ እሳት ይነሳል ብሎ ይተነብይ ነበር። ዓመታዊው ግሽበት ግን በተከታዮቹ ወራት ከ20 በመቶ በታች ቆየ። ለምን? መደርደሪያው ላይ ያለው ብዙ ዕቃ ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያ ዶላር ተተምኖ ነበር። በዚያ ወቅት የግሽበቱን የራሱን ጉዞ የተከተለ ሰው ብዙም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ብዙ ያወቀ የመሰለው ነው።

ገዢዋ፦

ይህ የሚያሳየው አምዱ መሳሳቱን ነው፤ ዶላር አያስፈልግም ማለት አይደለም። የጥቁር ገበያውን ምንዛሪ ያስገቡበትና ያኔ ይፍረዱ።

አንድ ነገር ደግሞ ዘለሉ። ብሔራዊ ባንክ በዚያው ሐምሌ የፖሊሲ ወለዱን፣ ማለትም ለባንኮች ወለድ አቅጣጫ የሚሰጠውን፣ 15 በመቶ አድርጎ አዲስ ሥርዓት ጀመረ። ከዚያ በፊት የሚቆጣጠረው የገንዘቡን መጠን ነበር። ወለዱን ሁለት ነጥብ ብናወርድ በዓመቱ ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወደ አሪማ ቢሄድ መልስ የለውም። አሪማ ወለድ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔም ለፋብሪካው የስድስት ወር ግዥ ሳቅድ የምፈልገው «ዶላሩ እንዲህ ቢሆንስ?» የሚለውን ነው።

እንፈትን። ሁለቱም ሞዴሎች እስከ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ያለውን መረጃ ብቻ ይዩ። ከዚያ ወር በወር እየጨመርን የአንድ፣ የሦስትና የ12 ወር ትንበያቸው ከእውነተኛው ምን ያህል እንደራቀ እንለካ። ልዩነቱ የአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን ዲቦልድና ማሪያኖ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ፈተና እናያለን።

መምህሩ፦

ተስማምቻለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ገበያ አልነበረም። ደብተሬ ላይ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው፤ ልሞላቸውም አልፈልግም። በእነዚያ ወራት የትኛውም ሞዴል አይፈረድበት።

ከሁሉ በፊት ግን የጥቁር ገበያውን ዶላር በየወሩ የመዘገበ ሰው ፈልጊ። የሚታመን ከሆነ ደብተሬን ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እመጣለሁ።