እርማት፦ ስዊዘርላንድ ውስጥ ጠመንጃ እንደ ዳቦ አይገዛም

«ስዊዘርላንድ ውስጥ ሁሉም ሰው ቤቱ ጠመንጃ አለው፤ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም» ሲባል ደጋግሜ አያለሁ። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ወታደራዊ አገልግሎት ላይ ያለ ዜጋ ጠመንጃውን ቤቱ ማስቀመጥ ይችላል። ግን ያ የሠራዊቱ ንብረት ነው። ለየቤቱ ይታደል የነበረውንም ጥይት ሠራዊቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በተወሰነው መሠረት መልሶ ሰብስቧል። አገልግሎቱን ጨርሶ «ጠመንጃውን ላስቀረው» የሚል ሰው ደግሞ እንደ ማንኛውም ሲቪል የመግዣ ፈቃድ ይዞ መቅረብ አለበት።

ሲቪሉስ? ሽጉጥ ለመግዛት ከሚኖርበት ካንቶን (የአገሪቱ ክልል) ፈቃድ ያወጣል። 18 ዓመት መሙላት አለበት፤ የወንጀል መዝገቡም ይታያል። እውነት ነው፣ አንዳንድ የአደን ጠመንጃዎች በጽሑፍ ውል ብቻ ይሸጣሉ። ለወሬው መነሻ ይህችም ሳትሆን አትቀርም። ውሉ ግን ለካንቶኑ ጽሕፈት ቤት ይላካል።

መግዛትና ታጥቆ መሄድም ይለያያሉ። መሣሪያ ታጥቆ አደባባይ ለመውጣት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። አመልካቹ ከእውነተኛ አደጋ ራሱን ወይም ሌላን መጠበቅ እንዳለበት ያስረዳል፤ ፈተናም ይወስዳል። ለጠየቀ ሁሉ አይሰጥም።

ወሬውን አምኖ ከጓደኛው ሽጉጥ የሚገዛ ነዋሪ በወንጀል ይጠየቃል፤ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭም ፈቃዱን ይጠይቃልና። ማጣራት ለሚፈልግ፣ የጦር መሣሪያ ሕጉ በፌዴራል ሕጎች ስብስብ ውስጥ በቁጥር 514.54 ይገኛል። በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ታትሟል።