የኛንስ አውሮፕላን ለምን ዘለላችሁት?

ጥር 24 ቀን 2008 ከሞቃዲሾ ተነስቶ ቦምብ ስለፈነዳበት የዳሎ አየር መንገድ አውሮፕላን የጻፋችሁትን አነበብኩ። ያ ረቢ! ጎኑ ተበስቶ 80 ሰው ይዞ ተመልሶ ማረፉን ሳስበው ይዘገንነኛል። ሰዉን ያተረፈው አንዱ ነገር ገና ከፍታውን ሳይጨርስ መፈንዳቱ ነው። አንዴ ወደ ኮምቦልቻ ስበር፣ አየር ላይ እያለን ጠጥቼ የከደንኩት የውሃ ፕላስቲክ ስናርፍ ጭምድድ ብሎ አገኘሁት። ላይ አየሩ ስስ ነው፤ የዳሎዎቹ ከዚያም በላይ ወጥተው ቢሆን ኖሮ ከውጪው የሚበልጠው የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር ግፊት ቀዳዳውን የባሰ ሊቀደው ይችል ነበር።

ግን የኛንስ ለምን ዘለላችሁት? ኅዳር 29 ቀን 1965 ከአዲስ አበባ በተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ ውስጥ የጠለፋ ሙከራ ተደርጎ፣ ተኩስ ተከፍቶ፣ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ፣ አውሮፕላኑ እንደዚያ ተጎድቶም አብራሪዎቹ መልሰው አዲስ አበባ አሳርፈውታል። ከሞቱት ጠላፊዎች አንዱ የተማሪዎች ንቅናቄ ታጋዩ ዋለልኝ መኮንን ነው። የኛው የወሎ ልጅ፣ ደሴ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረ። እዚህ ደሴ ነገሩ ሲነሳ ሁሉም ስለ ዋለልኝ ያወራል፤ አብራሪዎቹን የሚያነሳ ሰው ግን አላጋጠመኝም። እባካችሁ ስለነሱ ጻፉልን። በህይወት ያሉ ተሳፋሪዎች ካሉም ፈልጋችሁ ጠይቁልን።