«የእርስዎስ ውጤት?»

ልጅ እምቢ ብሎን ፍራንክፈርት ሐኪሟ ፊት ተቀምጠናል። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ያመጣችውን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አልትራሳውንድ፣ የሆርሞን ምርመራ፣ ማሕፀኗ ውስጥ ቀለም እየተረጨ የተነሳችው የቱቦ ራጅ። ሐኪሟ አንድ በአንድ አገላብጣ ጨረሰችና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «የእርስዎስ ውጤት?»

የእኔ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

አገር ቤት ነገሩን ታውቁታላችሁ። አክስቶቼ በመጡ ቁጥር ዓይናቸው የሚያርፈው ሆዷ ላይ ነው። ጠበሉም ለእሷ፣ ስለቱም ለእሷ፣ መድኃኒቱም ለእሷ። ራጁን የተነሳች ቀን ታክሲ ውስጥ ሆዷን ይዛ ታለቅስ ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ «አይዞሽ» እላለሁ። አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል።

እዚህ አንድ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ሰጡኝ። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅበህ የዘር ፈሳሽህን ትሰጣለህ፤ በቃ። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው። ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ 16 ሚሊዮን ነው። የዩሮሎጂ ሐኪሙ አቁሞ በእጁ ዳሰሰኝና ቫሪኮሴል ነው አለኝ፤ የቆለጥ ደም መልስ ሥር ሲያብጥ ማለት ነው። ከመቶ ወንድ 15 ያህሉ አለበት። ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ይወልዳሉ፤ የአንዳንዱን ዘር ግን ያዳክማል።

ይህን ለማወቅ ጀርመን መምጣት ነበረብኝ እንዴ? ምርመራው አዲስ አበባም አለ፤ ባለቤቴ ካየችው ሁሉ ይቀላል። ጳውሎስ ሆስፒታል እንኳ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። የጠፋው «አንተም ተመርመር» የሚል ሰው ነው። ልጅ ካስቸገራቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ እኮ ችግሩ በወንዱም በኩል ይገኛል።

«እኔ አልጋ ላይ ምንም አልጎደለኝም» ይላል ወንዱ። እኔም ብያለሁ። ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። እና እናንተ ጂም ቤት ጡንቻ ለማውጣት ቴስቶስተሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን የምትወጉ ልጆች፣ እባካችሁ ሐኪም ጠይቁ። መርፌው ወንድነት የሚጨምር ይመስላችኋል፤ ዘር መሥራትን ግን ያቆማል።

ለቫሪኮሴሉ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። አዲስ ዘር ተሠርቶ እስኪደርስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ እመረመራለሁ።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «እማዬ፣ ችግሩ በእኔ በኩል ነው የተገኘው።» ዝም አለች። ቆይታ፣ «ልጄ፣ ይህን ለሰው እንዳታወራ» አለችኝ።

የባለቤቴን ግን አራት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራው ነበር።