ሌባው የሚመጣው ከማዶ ነው

መሥሪያ ቤቴ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲያዛውረኝ ነገሩን አቅልዬ ነበር ያየሁት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ዳገት መውጣት፣ በቃ። ግን ጊዜው ክረምት ነበር። የሚኒባሱ ሾፌር ጉም ውስጥ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አስፋልቱን ሲፈልግ ሁለት ሳምንት ካየሁ በኋላ ደሴ ቤት ልከራይ ወሰንኩ።

ባለቤቴ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጠችኝ። «ቤቱ ጭቃም ይሁን ብሎኬት ግድ የለኝም። ብቻ ሰፈሩ ሰላም ይሁን።»

ሰላም መሆኑ በምን እንደሚታወቅ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳት። የቤት አባወራ ይሄን ይጠይቃል?

መጀመሪያ ደላላ ያዝኩ። የደላላ ቋንቋ ለብቻው ትምህርት ይፈልጋል። «ጸጥ ያለ ሰፈር ነው» ካለህ ባጃጅ አይገባም ማለት ነው። «ሞቅ ያለ ነው» ካለህ ግሮሰሪው ከመኝታ ቤትህ ጋር ግድግዳ ይጋራል። «አከራዮቹ እንደ ቤተሰብ ናቸው» ካለህ የግቢው በር ማታ 2 ሰዓት ላይ ይቆለፋል። «በር ከፍተህ ብትተኛ የሚነካህ የለም» ብሎ የወሰደኝ ቤት ደግሞ በሩ ላይ ሁለት ቁልፍና ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ነበረው። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምንድነው?» ስለው ትንሽም አላፈረም።

«ለንፋሱ ነው።»

ደላላውን ተውኩና የሰፈር ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። እዚህ ላይ የደሴን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። በስተምዕራብ ጦሳ፣ በስተምሥራቅ አዝዋ ገደል፣ መሀል ለመሀል ቦርከና ወንዝ። ከተማው በሁለት ተራራ መካከል ስለተቀመጠ ማንም ሰው በሩን ከፍቶ ቢቆም ፊት ለፊቱ ማዶ አለ። ይሄ ለጸጥታ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው።

ጦሳ ሥር ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮ ጠየቅኩ። «እኛ ጋ? አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው። ሌባው የሚመጣው ከማዶ ነው።» ተሻግሬ ማዶ ሄድኩ። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ አገኘሁ። «እኛስ ደህና ነን ልጄ። ሌባው የሚመጣው ከማዶ ነው» ብለው በከዘራቸው ወደ ጦሳ አመለከቱኝ። ፒያሳ ስወርድ «የፒያሳ ልጅ አይነካህም፣ ከዳር የሚመጡት ናቸው» አሉኝ። ሰኞ ገበያ ደግሞ «ገበያ ቀን ነው እንጂ ሌላ ጊዜማ ምን አለ? እሱም የሌላ ሰፈር ልጆች ናቸው» ተባልኩ። ሒሳቡን ስሠራው የደሴ ሌባ በሙሉ የሚያድረው ቦርከና ወንዝ ውስጥ ሆኖ አገኘሁት። ይሄ ሁሉ ሰው በዚያ ብርድ እንዴት እንደሚችለው እግዜር ይወቅ።

ድሮ ሰፈር መምረጥ ቀላል ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ እዚህ ሰፍረው ሳለ ባለ ጅራት ኮከብ ሰማይ ላይ አይተው ደስ ስላላቸው ቦታውን «ደሴ» አሉት ይባላል፤ ደስታዬ ለማለት። ቀና ብሎ ማየት፣ ደስ መሰኘት፣ መስፈር። ደላላ የለ፣ የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ የለ። እኔም አንድ ማታ ቀና ብዬ ሞክሬያለሁ። ያየሁት ጉም ነው።

ሰው አላስተማምን ሲለኝ አጥር ማንበብ ጀመርኩ። አጥር አናት ላይ ጠርሙስ ስባሪ ከተደረደረ ወይ ሌባ አለ፣ ወይ ሀብታም አለ። በሁለቱም መንገድ ቤቱ ለኔ አይሆንም። አንዱ ግቢ ዙሪያውን የቢራ ጠርሙስ ብቻ ነው የተሰካበት። እዚያ ቤት መጀመሪያ የተገዛው አጥሩ ይሁን ቢራው እስካሁን አልለየልኝም። ሌላው በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሳንኳኳ ውሻው ራሱ መጥቶ በበሩ ሥር አፍንጫውን አውጥቶ ጫማዬን ላሰው። ጽሑፉን ያነበበ አይመስልም።

መብራትም ቢሆን አላምንም። ኮምቦልቻ እያለሁ ሌባ ይፈራል ብዬ በረንዳዬ ላይ ትልቅ አምፖል አስገጥሜ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አምፖሉ ከነፖርታላምፓዳው የለም። ሌላ ምንም አልተነካም። ጫማዬ እንኳ በሩ ላይ እንዳለ ነው። ብርሃኑ የጠቀመው ሰውዬውን ነው፤ ሽቦውን በጥንቃቄ ነበር የፈታው።

በዚህ መሀል አንድ ሁሉን ያሟላ ቤት አገኘሁ። የብረት በር፣ ረጅም አጥር፣ ሮቶ ሙሉ ውሃ። ቀብድ ልከፍል እጄን ኪሴ ከትቼ ሳለ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ካላንደር ዓይኔ ገባ። ያምናው ነው። ያምናን ካላንደር ማን ይሰቅላል? ገለጥ ሳደርገው ከጣራው እስከ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ። ጣቴን ብሰደው እስከ አንጓው ገባ። ከውጭ ነፋስ ይመጣል።

«እሱ የድሮ ነው!» አሉ አከራዩ ካላንደሩን ቶሎ እየመለሱ።

የደሴ ዳገት እንደሚንሸራተት የማያውቅ የደሴ ሰው የለም። ክረምት ሲበረታ ውሃው የተራራውን አፈር ያርሰዋል፣ ዳገቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይገፋል፣ ቤት ይሰነጥቃል፣ አስፋልት ያጎብጣል። የጂኦሎጂ ሰዎች መጥተው ያጠኑታል፣ በሽቦ የታሰረ ድንጋይ፣ ጋቢዮን የሚሉት፣ ይደረደራል፣ ክረምት ይመለሳል። እኛ ግን ቤት ስንፈልግ ስለ ሌባ አሥር ጥያቄ እንጠይቅና ስለ ዳገቱ አንድም አንጠይቅም። ሌባ ቢበዛ ቴሌቪዥኑን ይወስዳል። ዳገት ሲወስድ ከነሳሎኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ስገባ መጀመሪያ የማየው የመብራት ምሰሶውን ነው። እሱ ካዘነበለ እኔም ወደመጣሁበት አዘነብላለሁ።

ቢሮ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ይሄን ሁሉ ስነግረው ሳቀብኝ። «ሰፈርን በቀን አትመን። ማታ ሄደህ እየው» አለኝ። ምክሩ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ማታ ማታ ሰፈር የሚያጠኑ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ብቻ ነው ተከራይ።

ሰፈሩን በስሙ አልጠራውም፤ ዛሬ እድሬ ያለበት ነው። ጦሳ ጥግ ነው ልበል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጋቢ ደርቤ፣ በስልኬ መብራት ደብተሬን እያየሁ ወጣሁ። ሥራዬን በሥርዓት ነበር የምሠራው። የሚበሩ አምፖሎች፦ 2። የማይበሩ፦ 5። ምሰሶ፦ ቀጥ ያለ። አጥር፦ ቆርቆሮ፣ አጭር። ውሻ፦ አላየሁም። አንዱ ግቢ የሚከራይ ክፍል አለው ተብዬ ስለነበር በቆርቆሮው ቀዳዳ አንድ ዓይኔን አስጠግቼ ስመለከት ከኋላዬ የባትሪ መብራት በራብኝ።

«ማነህ አንተ?»

አንዲት አሮጊት ናቸው። ቁመታቸው ወገቤ ጋ ነው። ባትሪያቸው ግን የመኪና ያህላል።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ የማይረባ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

«ኧረ ልጆች! ኑ ውጡ!»

ሰፈሩ ባዶ ነው ብዬ ጽፌ አልነበር? አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ስድስት ጎረምሳ ከበበኝ። አንዱ ዘነዘና ይዟል፤ ከእናቱ የቡና ሙቀጫ ነጥቆ የመጣ መሆን አለበት።

«ምን ትፈልጋለህ እዚህ?»

«ሰፈሩ ሰላም መሆኑን እያየሁ ነው።»

«ለማን?»

መልስ አጣሁ። ደብተሬን ተቀበሉኝና ባለ ዘነዘናው ጮክ ብሎ አነበበው። «አጥር፦ አጭር። ውሻ፦ አላየሁም። 3 ሰዓት ላይ ሰው የለም።» እውነቱን ልናገር፣ በሰው ድምፅ ሲነበብ ስሰማው እኔም ራሴን ጠረጠርኩት።

ድሮ ቢሆን አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ያገሬው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ሌባው እስኪወጣ አይበተንም፤ የቀረ ይቀጣል። ስም ለመጥራት የፈራ «ወፍ ነገረችኝ» እያለ ይጠቁማል። ከሱ የባሰው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ያን ማታ ልጅ አጠጥተው ቢለቁት እኔ ላይ ለመውደቅ ሁለት እርምጃ ይበቃው ነበር።

ያተረፉኝ አንድ ሼህ ናቸው። ጃኬታቸውን ደርበው ቀስ ብለው መጡ። ደብተሩንም መታወቂያዬንም አላዩም። የወሎ ሽማግሌ መታወቂያ ምን ያደርግለታል?

«የማን ልጅ ነህ?»

አባቴን ነገርኳቸው። አላወቁትም። «አባቱስ?» አሉኝ። አያቴን ጠራሁ። ዝም። «እናትህስ የየት ናት?» «የኩታበር።» «ኩታበር የነማን?» የእናቴን አባት ስጠራ ባትሪውን ከአሮጊቷ ተቀብለው ፊቴ ላይ አበሩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አያትህ ካባቴ ሞፈር ተውሶ አልመለሰም» አሉ።

ጎረምሶቹ ወደኔ ጠጋ አሉ።

«ልቀቁት» አሉ ሼሁ። «ሌባ ቢሆንም የሚታወቅ ነው።»

ባለ ዘነዘናው ልጅ ቅር እያለው ወደ ሙቀጫው ተመለሰ። ሼሁ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አብሽር፣ ቡና ደርሷል ግባ» አሉኝ። የገባሁት በቀዳዳ ሳየው የነበረው ግቢ ነው። አሮጊቷ የቤቱ ባለቤት ናቸው። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፣ ከረከቦታቸው አጠገብ የተቀመጡት ሼሁ ናቸው፣ ምርቃቱን ሼሁ ጀምረው እማማ ጨረሱት። ሁላችንም አሜን አልን። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

አቦሉ ላይ ጥያቄው ቀጠለ። ባለትዳር ነህ? ሚስትህ የታለች? ስንት ልጅ? ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ? እንግዳ ታበዛለህ? ቶናው ላይ ደመወዜ ላይ ደረሱ። በረካው ላይ ቅሬ እገባ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ እዚህ ሰፈር ያለ ቅሬ ቤት መከራየት ማለት ያለ ቀባሪ መኖር ነው። እገባለሁ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደሴን ሰፈር በሰፈር ስፈትን የከረምኩ ሰው አሁን ሲኒ ይዤ «እግዜር ይመስገን አለፍኩ» እያልኩ ነበር።

ክፍሉን ያሳዩኝ እማማ ናቸው። ቁልፉን ከመቀነታቸው ሲፈቱ አብሮት የታሰረ ብዙ ቁልፍ አየሁ። ቆጠርኩት፣ አሥራ አንድ ነው። «ይሄ ሁሉ የርስዎ ቤት ነው?» አልኳቸው። «የጎረቤት ነው» አሉኝ። በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የሰፈሩ ሰው ወጣ። እሳቸው «ጉልበቴ አይችልም» ብለው ቀሩ። የሚወጣ ሁሉ ቁልፉን እሳቸው ጋ እየጣለ ሄደ። ሰዉ ተመለሰ። ቁልፉን ግን ማንም አልጠየቃቸው፣ እሳቸውም አልመለሱ። ይኸው እስካሁን የአሥራ አንድ ቤት ቁልፍ ወገባቸው ላይ ታስሮ ቡና ይቆላሉ።

ኪራዩን ሳልከራከር ከፈልኩ።

ኑሮው ምን ይመስላል ላላችሁኝ፣ ሰላም ነው። የሰላሙ ዋጋ ግን ኪራዩ ላይ አልተጻፈም። ፌስታል ይዤ ስገባ ውስጡ ያለውን ከኔ ቀድመው ያውቁታል። «ዛሬም ጎመን ነው እንዴ?» ይሉኛል እማማ። አንድ ቀን አምስት ሰዓት ላይ ብገባ በማግስቱ ሼሁ «ትናንት አመሸህ መሰለኝ» አሉኝ፤ ከሳቸው ቀድሞ ባለ ዘነዘናው ነግሮኝ ነበር። ጉንፋን ሲይዘኝ ሳላስል ዝንጅብል ይመጣል። የአጥሩን ቀዳዳ እንኳ ልድፈነው ብዬ ነበር፤ እማማ «ተው፣ መንገዱን የማይበት ነው» አሉኝ።

ወር ሲሞላኝ ባለቤቴ ዕቃ ጠቅልላ ከኮምቦልቻ መጣች። ቢሮ ስለነበርኩ አልተቀበልኳትም። ባጃጁ ዳገቱ ሥር አወረዳትና አንድ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ጠየቀች። ስሜን ነገረችው። አላወቀውም። የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። ግራ ሲገባት «ጋቢ የሚደርብ፣ ሁልጊዜ ደብተር የማይለየው፣ ከኮምቦልቻ የመጣ» አለችው።

የልጁ ፊት በራ።

«አአ! የሌባው ሚስት ነሻ!»

ሻንጣዋን ከእጇ ተቀብሎ እየሮጠ ዳገቱን ወጣ። «እማማ! እማማ! የሌባው ሚስት መጣች፣ ቡና ይፈላ!»